ከድልድዩ እስከ ልብስ ማጠቢያው

ቦንጋ ዝናብ አያልቅባትም። ሌላው አገር በጋና ክረምት አለው፤ እኛ ጋ ያለው ዝናብና ትንሽ ዝናብ ነው። ለዚህ ነው "በወንዙ ዳር በእግር የሚኬድ የጉብኝት መስመር አዘጋጂ" ስባል መጀመሪያ የሳቅኩት። "ጭቃውንም በቅርስነት እንመዝግበው?" አልኩት አለቃዬን። አለቃዬ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ መሀል ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነበር፤ ቀልድ ደግሞ አይገባውም። "ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ፕላኑ ውስጥ አስገቢው" አለኝ።

ሚሊኒየሙ እየተቃረበ ነበር። ያን ሰሞን መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያሳየው ነገር ፈልግ ተብሏል። እኔ የምሠራበት የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከስብሰባ "ኢኮ ቱሪዝም" የሚል ቃል ይዞ ተመለሰና ቃሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ሲጨነቅ ወንዙ ታሰበው። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጫካውን ከማየታቸው በፊት ግማሽ ቀን በከተማው በእግራቸው ይዞራሉ። ከሰማዕታት መታሰቢያው ይነሳሉ፣ በግድግዳው ሥዕል በኩል ያልፋሉ፣ ትልቁን ዛፍ ያያሉ፣ ድልድዩ ላይ ይጨርሳሉ። የምመራቸው እኔ ነኝ።

ሳቅኩ እንጂ ሥራውን ወድጄው ነበር። የወደድኩት ግን ለቱሪዝም ብዬ አይደለም። ወንድሜን ስለምፈልግ ነው።

ወንድሜ በደርግ መጨረሻ ዓመት ከኳስ ሜዳ ታፍሶ ለጦርነት ተወሰደ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መኪና መጥቶ ሜዳውን ከበበው፤ ከሁለቱም ቡድን እግሩ ያልፈጠነው ሁሉ ተጫነ። ወንድሜ በረኛ ነበር፤ ጎሉን ትቶ ለመሮጥ ጊዜ ወሰደበት ይላሉ። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ሠራዊት ገሚሱ በእግሩ፣ ገሚሱ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደየቤቱ ገባ። ከጅማ በኩል የሚመጣው ሁሉ በዚያ ድልድይ ነበር የሚያልፈው። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ደብተሬን እንደያዝኩ እዚያ እቆማለሁ። ጢሙ ያደገ፣ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ ሰው ባየሁ ቁጥር "ጋሼ፣ ወንድሜን አይተውታል?" እላለሁ። አንዳንዱ ቆሞ ስሙን ይጠይቀኛል፣ ያስባል፣ ራሱን ይነቀንቃል። አንዳንዱ ቀና ብሎም አያየኝም። ከወራት በኋላ የሚመጣ ወታደር ጠፋ፤ እኔ ግን መጠበቄን አላቆምኩም።

ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሥራ ይዤም አልተውኩትም። ለቅርስ ምዝገባ ወደ ወረዳዎች ስላክ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቅርስ ሳይሆን በአካባቢው የቀድሞ ወታደር አለ ወይ ብዬ ነው። ሺሺንዳ ገበያ አንድ እጁን ያጣ የጨው ነጋዴ አናግሬያለሁ። ዋጫ ላይ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ "አስመራ አብረን ነበርን" ሲለኝ እንባዬ መጣ፤ ፎቶውን ሳሳየው እሱ የሚያውቀው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቢታ ገነት ድረስ በዝናብ ሄጄ፣ ያውቀዋል የተባለው ሰው ሞቶ ደረስኩ። ሱዳን ገብቶ ይሆናል፣ ኬንያ ስደተኛ ካምፕ ይሆናል፣ አግብቶ ወልዶ አፍሮን ይሆናል፤ ለራሴ የምሰጠው መልስ አያልቅብኝም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮብኝ ሁለቱንም ጊዜ "ወንድሜ ሳይመጣ ማን ይድረኛል?" ብዬ መለስኩ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት እያዩ ወጡ። እምቢ ስላልኩ ያፈሩ መስሎኝ ነበር።

እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት መንገዱን ሄጄ ልለማመደው ብዬ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስነሳ እናቴ "እኔም እመጣለሁ" አለች።

"ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴን ምን አደረግሽው? የራሴ ነው፣ ይዤው እመጣለሁ።"

እናቴ እንዲህ ናት። ቦንጋ ተወልዳ ቦንጋ ያረጀች ናት፤ አያቷ በድሮው ጊዜ ከሰሜን ከሹማምንት ጋር ከመጡት አንዱ ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ ብናወራም ገበያ ስትወጣ በካፋዎቹ ቋንቋ በካፊኖኖ ትከራከራለች፣ በካፊኖኖ ትስቃለች፣ ሲመጣባትም በካፊኖኖ ትቆጣለች። በከተማው የታወቀችው በሁለት ነገር ነው፤ በአፏና በለቅሶ። ለቅሶ አያመልጣትም። ሟቹን ባታውቀው እንኳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትሄዳለች፣ እዚያ ደርሳም ከቤተሰቡ ብሳ ታለቅሳለች። "የባለቤቶቹን ቦታ አትቀሚ እንጂ" እያልኩ እቀልድባት ነበር። "ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ያለቅሳል" ትለኛለች። አባቴን ማለቷ ይመስለኛል። አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው።

ካፊያው ቆሞ ነበር። መታሰቢያው ከወንዙ በላይ ጉብታ ላይ ያለ፣ በብረት አጥር የታጠረ የሲሚንቶ ዓምድ ነው። ዙሪያው ሣር በቅሏል፤ ለበዓል ካልሆነ የሚያጭደው የለም። እጄን ዘርግቼ እንደ ዜና አንባቢ ጀመርኩ፦ "ክቡራን እንግዶች፣ ይህ ሐውልት ለሕዝብ ነፃነት ሲታገሉ ለወደቁ ሰማዕታት መታሰቢያ የቆመ ነው።" እናቴ ብረቱን ይዛ አዳመጠችኝ።

"በዚያኛው ወገን የወደቁትስ?" አለች።

"እነሱማ ሐውልት የላቸውም፣ እማዬ። ሐውልት የሚያቆመው ያሸነፈ ነው።"

"ታዲያ እናታቸው የት ሄዳ ትቁም?"

 የማይሆን ጥያቄ ይመስለኝ ነበር። "እኛን ምን አስጨነቀን? የኛ ልጅ አልሞተም" አልኳት።  እናቴ በአጥሩ መሀል የወጣውን ሣር ጎንበስ ብላ ነቀል ነቀል አደረገችና ቀድማኝ መንገድ ጀመረች።

የግድግዳው ሥዕል ከዚያ ቁልቁል፣ ፊቱን ወደ ወንዙ ባዞረ መጋዘን ላይ ነው። የሣለው ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የሥነ ጥበብ መምህር ነው። ጫካ ሣለ፣ ጎሽ ሣለ፣ የካፋን የመጨረሻ ንጉሥ ከነዘውዱ ሣለ። ጎሹ ለእርሻ የተጠመደ በሬ ይመስላል። የቡናው ፍሬ ደግሞ ብርቱካን ያህላል፤ መምህሩ ቡናን ከተቆላ በኋላ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። "ይሄን የሚያህል ቡና ካለማ አንድ ፍሬ ለሰፈር ይበቃል" አለች። በግድግዳው ጥግ መጽሐፍ ይዘው ወደ ፀሐይ የሚሄዱ ወጣቶች አሉ፤ አዲሱ ሺህ ዓመት መሆኑ ነው። እናቴ አንዱ ፊት ለፊት ስትቆም ሳቋ ጠፋ።

"የወንድምሽ ጥርስ እንዲህ ነበር" አለች።

"ነበር አትበይ እንጂ" አልኳት።

"እሺ" አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የምታደርገው ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ እሱን በሚመለከት አትከራከረኝም። ስለ ጨው መብዛት ግማሽ ቀን የምትከራከር ሴት፣ ስለ እሱ ያልኩትን ሁሉ "እሺ" ብላ ትቀበላለች። ተስፋዋ ከኔ የበለጠ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

ትልቁ ዛፍ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። የካፋ ሽማግሌዎች አዝመራ ሲደርስ ከሥሩ ተሰብስበው የቦታውን ባለቤት መንፈስ ይለማመናሉ፣ ያመሰግናሉ። እኛን በልጅነታችን ወደዚያ ድርሽ እንዳንል ይከለክሉን ነበር። ፕላኔ ላይ "ብዝኃ ሕይወት" ብዬ ነው ያለፍኩት፤ አለቃዬ እንዲያ በይ ስላለኝ። እናቴ ሥሩ ላይ አረፍ አለችና ጉልበቷን እያሸች፣ "ወንድምሽ የተወሰደ ጊዜ እዚህ መጥቼ ከሽማግሌዎቹ ጋር ለምኛለሁ" አለች። ጆሮዬን አላመንኩም። ጾም የማትፈታ፣ ማኅበር የማታጓድል እናቴ።

"ለንስሐ አባትሽ ነገርሻቸው?"

"ነግሬ ስግደት ተቀብያለሁ። ማርያምንም፣ ዛፉንም፣ የሰማኝ ይስማኝ ብዬ ነው።"

 እጇን ይዤ አስነሳኋትና "ይመጣል፣ እማዬ" አልኳት። እሺ አለች።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዋናውን ነገር አሳየኋት። ለማንም ያልነገርኩትን አዘጋጅቼ ነበር። የወንድሜን ፎቶ ጅማ ልኬ አስጎልቼ በፕላስቲክ አሽጌዋለሁ፤ የበረኛ ማሊያውን እንደለበሰ ኳስ በብብቱ ይዞ የተነሳው ነው። ከቦርሳዬ አወጣሁት። የድልድዩን ግንብ ተደግፌ እንግዳ ፊት እንደቆመ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"ክቡራን እንግዶች፣ ይህ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ እንደተሠራ ይነገራል። ሠራዊቱ ሲበተን የዚህ አገር ልጆች በዚህ ላይ ተሻግረው ወደ እናቶቻቸው ገብተዋል። ይህ ልጅ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። ወንድሜ ነው። እናንተ ብዙ አገር የምታዩ ሰዎች ናችሁ፤ ፊቱን ልብ ብላችሁ እዩት። የትም ብታገኙት፣ እህትህ ድልድዩ ላይ ናት በሉት።"

ያምራል ብዬ ነበር። ብዙ ቀን ያጠናሁት ነው። እናቴን ዞሬ ሳያት ግን ፊቷ ዐመድ መስሏል።

"ይሄን በሰው ፊት ልትዪው ነው?"

"ታዲያስ። እንግዳ በመጣ ቁጥር።"

"የከተማው ሰው እየሰማሽ?"

"ይስማ፤ ምን ነውር አለው?"

ፎቶውን ከእጄ ወስዳ ጡቷ ላይ ለጠፈችው። በድልድዩ አንድ ሁለት ሰዎች አልፈው "እንዴት ዋላችሁ" አሉን፤ እናቴ አልሰማቻቸውም። ከዚያ "ነይ ወደ ታች እንውረድ" አለችኝ።

"ወደ ታች እኮ ምንም የለም። ጉብኝቱ እዚህ ያልቃል።"

"የኔ እዚያ ነው" አለች።

ከድልድዩ ሥር ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚወስድ ቀጭን መንገድ አለ። ቧንቧ ከመግባቱ በፊት የሰፈሩ ሴት ሁሉ ልብስ የሚያጥበው እዚያ ነበር። ድንጋዮቹ ስንት ዘመን ሲታሽባቸው ኖሮ ልስልስ ብለዋል። ውኃው በዚያ ጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየወደቀ ስለሚያልፍ ጩኸቱ ብዙ ነው፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንኳ ድምፅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እናቴ ከድንጋዮቹ አንዱን መርጣ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ወንድምሽን አትጠብቂው" አለችኝ።

ውኃው አደናግሮኝ እንደሆነ ብዬ "ምን?" አልኳት።

"እዚህ ድንጋይ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። አብሮት የታፈሰ የካፋ ልጅ፣ ከሺሺንዳ ወዲያ ያለ መንደር ልጅ ነው፣ በድልድዩ ሲሻገር አየኝና ወረደ። በካፊኖኖ ነገረኝ። የሰማሁት ትክክል እንደሆነ በአማርኛም ድገምልኝ አልኩት፤ እሱ አልቻለም። ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ነው የተመታው። እሱ ራሱ ቀብሮታል፤ አፈር አልብሼዋለሁ፣ አሞራ አላየውም አለኝ። የቦታውን ስም ነግሮኝ ነበር። ሳልይዘው ቀረሁ። በኋላ ልጠይቀው ሰው ብልክ ልጁም በወባ ሞቷል።"

 ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። እኔ የመጣልኝ ሌላ ነው።

"ሚኒስትሪ ስፈተን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ልትፈተኚ ሳምንታት ቀርተውሽ ነው የሰማሁት።"

"ኮሌጅ ስመረቅስ?"

"ያን ቀን ፎቶው ላይ እየሳቅኩ ነው። አይተሽዋል።"

"ሌላ ማን ያውቃል?"

 "ማን የማያውቅ አለ ልጄ" አለችኝ።

አገሬው ሁሉ ያውቅ ነበር። የዕድራችን ዳኛ፣ ጎረቤታችን የሆኑት ጋሼ፣ በዚያው ሳምንት ሰምተዋል። ለወትሮው መርዶ ሲኖር ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ሰውዬው ከእንቅልፉ ሳይነቃ በሩ ይንኳኳል። ደግሞም በኛ አገር መርዶ ቀን ይመረጥለታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ትውለድና ይባላል። የታመመ ከሆነ ይዳንና ይባላል። ጋሼም ለእናቴ "ልጅቷ ትፈተንና እናረዳታለን፤ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው" አሏት። ተፈተንኩ። ውጤቱ ሲመጣ አንደኛ ወጣሁ፤ አሁን ደስታዋን አንቀማት ተባለ። በዓመቱ ወባ ያዘኝ፤ ትዳን ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ መስከረም በጠባ ቁጥር "ዘንድሮስ እንንገራት ወይ?" እየተባለ ይመከርብኝ ነበር። በኋላማ ችግሩ ሌላ ሆነ፤ "እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ ብትል ምን እንላታለን?" ተባለ። የዘገየ መርዶ መግቢያ በር የለውም። ለጋብቻ የመጡት ሽማግሌዎች መሬት መሬት ያዩት ለዚህ ነው። ዋጫ ድረስ፣ ቢታ ገነት ድረስ ስሄድ ስንቅ የሚቋጥሩልኝ ሴቶች ፊታቸውን የሚያዞሩት ለዚህ ነው።

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። ሐዘኑ ገና አልደረሰም ነበር፤ ቁጣው ቀደመው። "ከተማ ሙሉ ሰው እያወቀ ሞኝ አድርጋችሁ አስቆማችሁኝ" አልኳት። "ድልድይ ላይ እንደ ዕብድ። ጎረምሳ ባየሁ ቁጥር ስሮጥ እያያችሁ።" እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። እሷም አላለቀሰችም። ፊቴ እንዳታለቅስ ራሷን ስታሠለጥን ኖራ አሁን ማልቀሻው ጠፍቶባት ነበር። የማንንም ለቅሶ የማታሳልፈው፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የማታውቀው ሰው ቤት የምትሮጠው፣ ልጇን የምታለቅስበት ሌላ ቤት ስላልነበራት መሆኑ እዚያው ድንጋይ ላይ ገባኝ።  ያም ሆኖ እጇን አልያዝኩም፤ አልቻልኩም።

ስንመለስ መንገድ ላይ "ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፤ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ" አለችኝ። "እንዳልሰማሽ ሁኚ።"

"ሰምቻለሁ እኮ። ለምን ይመጣሉ?"

"ወንዝ ዳር የተወራ መርዶ አይሆንም። በሥርዓቱ ይነገረን። እኔም እኮ በሥርዓቱ አልተነገረኝም።"

ወፍ ሳይንጫጫ በሩ ተንኳኳ። ልብሴን ለብሼ፣ ቀበቶዬን አጥብቄ ተቀምጬ ነበር። እንደ እንጨት እቆማለሁ፣ እንባዬን አያዩም፣ እንዲያፍሩ አደርጋለሁ ብዬ ወስኛለሁ። በሩን ከፈትኩ። ጋሼ በጋቢ ተጠቅልለው ከፊት፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ሴቶቹ አጥሩ ጥግ ናቸው። ዝናብ ሲጥልባቸው ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጋሼ አዩኝ፤ ከዚያ ግን በጎኔ አልፈው ወደ ውስጥ፣ ወደ እናቴ ዞሩ።

"እትዬ" አሏት።  "ጠና ይበሉ። ልጅዎ ተለይቶናል።"

እናቴ ይህን ቃል ለመስማት ሳትጠብቅ የኖረችበት ቀን አልነበረም። ማንም በሯ ቆሞ፣ ፊቷን እያየ፣ ልጅሽ ሞቷል ብሏት አያውቅም። እንደ አዲስ ሰማችው። "ልጄን" ብላ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያ መሬት ላይ ነበረች። እንዲያ ያለ ጩኸት በሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ሰምቼባት አላውቅም። እንጨት እሆናለሁ ያልኩት ሴት ከጎኗ ወደቅኩ። ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ ገቡ። ሁሉም እንባውን አቆይቶት ነበር፤ በዚያች ጠዋት አፈሰሰው። ጋሼ ግድግዳ ይዘው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ድንኳኑ ተተከለ። ከገበያ የመጡት የካፋ ሴቶች እናቴን ከበው በራሳቸው ቋንቋ ወንድሜን አሞገሱት፤ ኳስ እንዴት እንደሚይዝ፣ በገበያ ቀን ሸክማቸውን እንዴት እንደሚያግዝ። ቆጮና ንፍሮ መጣ። አብረውት የተጫወቱት፣ በዚያች ቀን እግራቸው የፈጠነው፣ አሁን የልጆች አባት የሆኑት፣ ተሰልፈው ገብተው ራሳቸውን ይዘው አለቀሱ። አንደኛው "እሱ ዘገየ፣ እኔ ቀደምኩ" እያለ ከማንም በላይ አስቸገረ።

የሚሊኒየሙ እንግዶች በሁለተኛው ቀን መጡ። በኔ ፋንታ አለቃዬ ራሱ ነበር የመራቸው። ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ በድንኳናችን ፊት ያልፋል፤ ሰው ለቅሶ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍምና ካሜራቸውን ከተው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቆነጠሩ። አለቃዬ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ከእንግዶቹ አንዲት ሴት ወደ ጋሼ ጠጋ ብላ "መቼ ነው ያረፉት?" ስትል ሰማኋት።

"ሰሞኑን ነው" አሏት ጋሼ።

ውሸት አልመሰለኝም። ለኛ ቤት ሰሞኑን ነበር።

ድንኳኑ ፈርሶ፣ የዕድሩ ወንበር ተቆጥሮ ሄዶ፣ ሰዉ ሁሉ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ወጣና ሁለታችን ቀረን። እናቴ ጥቁር ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጧል፣ ግን ቀልሏታል። ቁጣዬ አልወጣልኝም ነበር፤ ለቅሶ የሁሉን ነገር አፍ አይዘጋም።

"ፈተናው አለፈ፣ ወባውም አለፈ" አልኳት። "እውነቱን ንገሪኝ። ለኔ ብለሽ ብቻ ነው?"

ጥቁር ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች። 

"መጀመሪያ ላንቺ ነበር" አለች። "በኋላ ግን ለራሴ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ድልድዩ ላይ ስትቆሚ፣ ከታች ሆኜ ልብስ እያጠብኩ አይሽ ነበር። እኔ የሞተ ልጅ ነው ያለኝ። አንቺ ግን የሚመጣ ወንድም ነበረሽ። ገና ይመጣል እያልሽ ታወሪኛለሽ፣ አድጎ ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ፣ እኔም እሺ እልሻለሁ። እሺ ስልሽ ለዚያች ቅጽበት ያህል እሱ የሆነ ቦታ ምሳ እየበላ ነበር። ብነግርሽ በማን ልብ ውስጥ ይኖርልኛል?"

  እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እያፍተለተለች፣ እኔን ሳይሆን በሩን እያየች ጠየቀችኝ።

"እንግዲህ አሁን ማን ይጠብቀው?"